እትዬ ዘይነባና የቢሮ መጋረጃ

እትዬ ዘይነባ ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከቦሌ በሃያ ሁለት በኩል ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ድሮ በሰፈራችን ጥግ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጥ የነበረችው አልማዝ ሆና ተገኘች። ሰላምታችንን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ «እትዬ ዘይነባን እኮ ቀበርናቸው፤ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ። ከተቀበሩ ሰንብተዋል። እኔ ከዚያ ግቢ ከወጣሁ ቆይቻለሁና የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ወሬ አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን መውረጃዬን አሳልፌ መገናኛ ድረስ እየጠየቅኋት ሄድኩ። እንዴት ታመሙ፣ ማን አስታመማቸው፣ ልጃቸው እንዴት ሆነ። ከወረድኩ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ እያለቀስኩ ራሴን አገኘሁት።

ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየሁት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ቢሮ በታይፒስትነት ተቀጥሬ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ ሳይኖረኝ፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስገባ የምኖር ሰው ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ባልናገር ደስ ይለኛል። ፊቴን ታጥቤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ቢሮ እስክደርስ ማንም ባያናግረኝ የምወድ ነኝ። አላህ ደግሞ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ መውጫ መንገዴን በእትዬ ዘይነባ መስኮት ስር አደረገው።

ቤታቸው እንደ ሌላው የሰፈሩ ቤት አጥርና ግቢ ከፊቱ ነበረው አሉ። መንገዱ ሲሰፋ የፊቱ አጥር ፈረሰ፤ የሳሎኑ ትልቁ መስኮት የእግረኛ መንገድ ላይ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት ብዙም አይወጡም። ጠዋት አበባ ያለበትን የጨርቅ መጋረጃ እንደ ቀሚስ ሰብስበው ይቋጥሩና፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ምስር እየለቀሙ ይቀመጣሉ። የሚበላው ምስር ጥቂት ነው፤ የሚለቀመው ግን አያልቅም። አንዳንዴ የተለቀመውን መልሰው ሲለቅሙ አይቻቸዋለሁ።

ወሎ ነው አገራቸው። የወሎ ሰው ሰላምታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንደምን አደርሽ ብሎ የሚያበቃ አይደለም። እንቅልፍሽ እንዴት ነበር፣ ጉልበትሽ ደህና ነው፣ አገርሽ ሰላም ነው፣ እናትሽ ደብዳቤ ላከች ወይ፣ ከዚያ ደግሞ ምርቃት። የእሳቸው ሰላምታ ስንት ታክሲ እንዳስመለጠኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስቸኩል ካዩኝ በመዳፋቸው የመስኮቱን ደፍ መታ መታ ያደርጋሉ። ቁሚ ማለት ነው። ስም አውጥተውልኝም ነበር፤ «ችኩሏ» ነበር የሚሉኝ። «ችኩሏ፣ ትናንት ቸኩለሽ የደረስሽበት ምን አለ?» ይሉኛል። ትናንት ቸኩዬ የደረስኩት ታይፕ ራይተሩ ፊት ነው።

አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ ቀድመው ሰላም አይሉም። መንገደኛው ነው ተቀማጩን ሰላም የሚለው፣ ትንሹ ነው ትልቁን። እናታቸውም አባታቸውም እንዲህ ነው ያሳደጓቸው። ሰው ሰላም ሳይላቸው ካለፈ ዝም ብለው ምስራቸውን ይለቅማሉ፤ ማታ ግን ያነሱታል። የአቶ እገሌ ልጅ ዛሬ ሳያየኝ አለፈ፣ የሆነ ነገር አለበት ይላሉ። ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ይኖርበት ነበር።

ከመንገደኛው ሁሉ የሚጠብቁት አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ታደሰ። ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ፣ ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከመስኮቱ ስር ይቆማሉ። ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ «ወይዘሮ ዘይነባ፣ እንደምን አደሩ?» ይላሉ፣ ከዚያ ጨዋታ ነው። ጨዋታቸው ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ራዲዮ ዜና፣ ስለ ጉልበት ሕመም ነው፤ የማን ጉልበት ይብሳል በሚለው ገና አልተስማሙም። ጾም በመጣ ቁጥር ደግሞ ይዋጣላቸዋል። አቶ ታደሰ በረመዳን፣ እናንተ ቀን ጾማችሁ ማታ ታካክሳላችሁ ይሏቸዋል። እሳቸው ዐቢይ ጾም ሲገባ ይጠብቁና፣ ሽሮውን ጠግቦ በልቶ ጾምኩ የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ ይላሉ። ሁለቱም በየዓመቱ ይኸንኑ ይደጋግሙታል፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይስቃሉ። እትዬ ዘይነባ ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፣ ትከሻቸው ግን ያሳብቃል።

አቶ ታደሰ ወደ ቤት ገብተው አያውቁም። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ ዘርግተው ከውጭ ቆመው ሲጫወቱ አየሁና፣ ማታ ለምን ይግቡ እንደማይሏቸው ጠየቅኋቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ።

«እኔ ባል የሞተብኝ፣ እሱ ሚስት የሞተችበት። ከገባ ሐሜት ነው። ውጭ ቆሞ፣ እኔ እዚህ ሆኜ፣ አገር እያየን ብንጫወት ማን ምን ይላል? ሰው የሚያየው ነገር ሐሜት የለውም ልጄ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ለካ ያ መስኮት ክፍት በመሆኑ ነበር ሁለት ብቸኛ ሰዎች በየቀኑ ያለ ሐፍረት የሚገናኙት።

እትዬ ዘይነባ አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ጀማል። የጭነት መኪናዎች አሉት፣ ከኮምቦልቻ እህል ያመጣል፣ ከሚስቱ ጋር ገርጂ ነው የሚኖረው። አርብ አርብ ጁምዓ ሰግዶ ምሳ እናቱ ጋ ይበላል። እንደ እሱ እናቱን የሚወድ ልጅ አላየሁም፤ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። አንድ ቀን ቦሌ መንገድ ላይ የሆነ ቢሮ ውስጥ ጉዳይ ሲጠብቅ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ነገር አየ፤ ወደደው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲወርድ የእናቱን ሳሎን፣ ድስትና ምንጣፍ ሳይቀር እያየ መሄዱ ድሮም ያንገበግበው ነበር፤ አቧራውም አለ። ለእናቱ ሳይነግር ቀጠሮ ያዘና በአርብ ፈንታ ማክሰኞ ሠራተኛ ይዞ መጣ።

እሱ ብላይንድ ነው የሚለው። እትዬ ዘይነባ የቢሮ መጋረጃ ይሉታል። ከላይ እስከ ታች የተንጠለጠሉ ግራጫ ቁራጮች ናቸው፤ ከስር በቀጭን ሰንሰለት ተያይዘዋል፣ በጎን ያለውን ገመድ ሲስቡት ይዞራሉ፣ ሌላውን ሲስቡት ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ። ያን ቀን ሥራ አልነበረኝምና እኔም ቆሜ አየሁ። ሠራተኛው ግድግዳውን በድሪል በስቶ፣ ሰቅሎ፣ ገመዱን ስቦ አሳየ፤ ብዙ እንዳይነካካ አስጠንቅቆ ሄደ። አበባ ያለበትን ጨርቅ ጀማል ራሱ አጣጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። ሳሎኑ ደብዘዝ አለ፤ ቤቱ አዲስ ፕላስቲክ ሸተተ። ጀማል ፊቱ በርቶ ወደ እናቱ ዞረ።

«እንዴት ነው እማ?»

«ማሻአላህ» አሉ። «ያምራል። አላህ ከፍ ያድርግህ።»

እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁት፤ እሱም አሜን እያለ ተቀበለ። ሲሄድ እስከ በር ሸኝተው ተመለሱና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ቁራጮቹን ቀና ብለው አዩ።

«ትዕግስት፣ ታርዶ የተሰቀለ በሬ የጎድን አጥንት ውስጥ የገባሁ አልመሰለሽም?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ንገሩታ አልኳቸው። እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አላየሁም እንዴ? ልጅ ደስ ብሎት ያመጣውን ነገር አልወደድኩትም የምትል እናት አለች እንዴ? ይህን ሁሉ በተራ ጠየቁኝ። በሚቀጥለው አርብ ጀማል እንደገና እንዴት ነው አላቸው፣ እንደገና አሞገሱ፣ እንዲያውም አበዙት። ሲያሞግሱለት ጊዜ የመኝታ ቤቱንም አሠራላቸው።

ቁራጮቹ ወደ ጎን ተሰብስበው ቢከፈቱ ነገሩ ሁሉ ይቀል ነበር። ግን ገና በጠዋቱ የመሰብሰቢያው ገመድ ተቀርቅሮ ቀረ። ቁራጮቹ ባሉበት ይዞራሉ እንጂ አይሰበሰቡም። ለጀማል እንዳይነግሩት ስጦታውን ማንቋሸሽ ሆነባቸው። ስለዚህ ምን ሆነ፤ ቁራጮቹን ትንሽ ዞር አድርገው ሲቀመጡ ከውስጥ ውጭው ይታያል፤ ከውጭ ያለ ሰው ግን የሚያየው ግራጫ ነገር ብቻ ነው። «እኔ አያቸዋለሁ፣ እነሱ አያዩኝም» አሉኝ አንድ ማታ። «ይሄማ የድሮ ቀበሌ ሥራ ነው።»

ቀልድ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ከምሩ ወሰደው። ነፋስ ቁራጮቹን ሲያንኳኳቸው፣ ወይ እሳቸው ደህና ለማየት በጣታቸው ገለጥ ሲያደርጉ፣ ከውጭ የሚታየው አንድ ዓይን ነው። ዘመኑ ደግሞ ሰው በመስኮት ሲያዩት የሚበረግግበት ነበር፤ በመስኮት የታየ ሰው የት እንደገባ ሳይታወቅ የቀረበት ጊዜ ገና አልተረሳም። ያቺው አልማዝ፣ ሽንኩርት ስገዛ ጠጋ ብላ፣ ልጃቸው ምን ሥራ ቢይዝ ነው፣ እሳቸውስ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ማንን ነው የሚጠብቁት ስትለኝ ተናደድኩባት። ደግሞ ሌሎቹ፣ ጨዋዎቹ፣ እትዬ ዘይነባ ዕድሜያቸው ገፋ፣ ሰው ሰልችቷቸው ነው፣ ዕረፍት ይፈልጋሉ ብለው ጠዋት ጠዋት በዚያ ሲያልፉ እግራቸውን እንኳ ቀስ አድርገው ነበር የሚያነሱት። ያ ጩኸታም መንገድ መስኮታቸው ፊት ሲደርስ ዝም ይላል። እሳቸው ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ።

አቶ ታደሰ መጋረጃው በተሰቀለ ማግስት እንደ ልማዳቸው መጡ። እኔ ወደ ሥራ ስወጣ ነው ያየኋቸው። ከመስኮቱ ስር ቆሙ። ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ትንሽ ያዙት፣ መልሰው አደረጉትና ሄዱ። ለእኔም ሰላም ሳይሉኝ ነው ያለፉት።

ማታ ስገባ እትዬ ዘይነባ ያለ መብራት ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ቆሞ ነበር» አሉኝ። «እዚህ ነበርኩ። ልብሱ ላይ ያለውን ቁልፍ ሳይቀር እያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጠሯቸውም?»

«ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ወንድ የምትጠራ ሴት ምን ትባላለች?»

ከዚያ በኋላ አቶ ታደሰ በዚያ መንገድ አልመጡም። እትዬ ዘይነባ በየጠዋቱ ሰፌዳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ የቁራጮቹ ጥላ ሰፌዱ ላይ ይሰነጣጠቅና ጠጠሩ ከምስሩ አይለይላቸውም። ጥርስ የሚሰብር ምስር በላሁ በዚያ ሰሞን። ምርቃቱም ቀረ። እኔ ጠዋት የማያናግረኝ ሰው ስመኝ የኖርኩ፣ አሁን ማንም ሳያስቆመኝ በጊዜ ታክሲ ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ተደግፌ የምሄድ ሆንኩ። ታክሲ አላመለጠኝም። ደስ ግን አላለኝም፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው የጠፋበት መሰለኝ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ እሳቸው እንዴት እንደሚሆኑ አስቡት።

አንድ ቅዳሜ ሃያ ሁለት ማዞሪያው አጠገብ ጋዜጣ አዟሪው ዘንድ አቶ ታደሰን አገኘኋቸው። ሰላም ካልኳቸው በኋላ በቀጥታ ነገርኳቸው። መጋረጃው የልጃቸው ሐሳብ ነው፣ ለአቧራው ነው፣ ገመዱ ተበላሽቶ ነው የማይከፈተው፣ እሳቸው በየቀኑ ይጠብቁዎታል አልኳቸው። አቶ ታደሰ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ። «በአፉ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ሽማግሌ ሰው እናቴ መስኮት ስር በየቀኑ ምን ያቆመዋል ብሎ ሊቆጣኝም ይችል ነበር። ክብሬን ጠብቆ በመጋረጃ ነገረኝ። እኔም ገብቶኛል።»

እንደዚያ አይደለም ብዬ ማልኩላቸው። ጀማል እርስዎ መኖርዎን እንኳ አያውቅም አልኳቸው። ፈገግ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንቺም ጨዋ ነሽ። እንደዚህ ማለትሽ አይቀርም» አሉኝ። በቃ። ባስተባበልኩ ቁጥር ይበልጥ አመኑ። እውነቱን ስነግራቸው ይሉኝታ መሰላቸው፤ ይሉኝታ ደግሞ የሚመለሰው በይሉኝታ ነው፤ መንገዳቸውን ለውጠው ኖሩ። ለእትዬ ዘይነባ ይህን ሁሉ ነግሬያቸው አላውቅም።

ጀማል የነገሩን ዳር ያገኘው በአጋጣሚ ነው። አንድ አርብ ቀደም ብሎ ሲመጣ እናቱን ሳሎን አጣቸው። ከኋላ፣ እኔ በር ላይ፣ የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ የታመመ ጉልበታቸውን ዘርግተው ምስር ይለቅማሉ። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አላቸው። ብርሃን ፍለጋ ነው አሉት፤ እንደ ቀልድ ነበር ያሉት፣ ዓይናቸውን ግን ከሰፌዱ አላነሱም። እኔም ያን ቀን ከሥራ ቀርቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጀማል እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ገብቶ መጋረጃውን ሲጎትት ገመዱ እምቢ አለው።

ተመልሶ ወጣና እናቱ እግር ስር ቁጭ አለ።

«እንዳልወደድሽው ለምን አልነገርሽኝም እማ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።»

ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮችን የሚያዝዘው፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያ ተነስቶ ከወጥ ቤት ቢላዋ አመጣና በቢላዋው ጫፍ ቡሎኑን እየፈታ መጋረጃውን በገዛ እጁ አወረደው። መኝታ ቤት ያለው ይቆይ አሉት እትዬ ዘይነባ፤ እሱ እንኳ ያስተኛል አሉ። ሁሉንም አለመውደዳቸው እንዳይከብደው ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ማታ ስለ አቶ ታደሰ እኔ ነኝ ለጀማል የነገርኩት። ሰውየው ቤት ድረስ ሄደ፤ አባባ ይምጡ፣ እናቴም ደስ ይላታል አላቸው። አቶ ታደሰ ተቀብለው አስቀመጡት፣ መረቁት፣ እመጣለሁ አሉት። እመጣለሁ ያሉበትን አባባል የሰማ አገር ሁሉ እንደማይመጡ ያውቃል። ልጁ በእናቱ ተገዶ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ነው የመሰላቸው።

መስኮቱ ተከፈተ፤ አበባ ያለበት ጨርቅም ተመልሶ ተቋጠረ። መንገደኛው ግን አልተመለሰም። የሰው ልማድ እንዴት ቶሎ እንደሚጠፋ ያየሁት ያኔ ነው። አንዳንዱ በማዶኛው ጠርዝ መሄድ ለምዷል፣ አንዳንዱ አቀርቅሮ ያልፋል። አዲስ የመጡ ተከራዮች ደግሞ ከነጭራሹ አያውቋቸውም። እትዬ ዘይነባ በሙሉ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ፤ የሚያያቸው የለም። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ይብሳል። ያኔ እንኳ የሚያመካኙበት ነገር ነበራቸው።

አንድ ጠዋት ከግቢው ስወጣ አቶ ታደሰ በማዶው ጠርዝ ሲመጡ አየሁ። ልማዳቸው አልነበረም፤ ምናልባት የለመዱት መንገድ ተቆፍሮ ይሆናል። እትዬ ዘይነባም አይተዋቸዋል። ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አቶ ታደሰ! እንደምን አደሩ?»

በሕይወታቸው ሙሉ መንገደኛን ቀድመው ሰላም ያላሉት ሴት ናቸው ይህን ያሉት፤ ያውም ወንድን፣ ያውም ጮክ ብለው፣ ታክሲው ወያላው ባለበት። መንገዱ ሁሉ ዞሮ አያቸው። አቶ ታደሰም ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ወይዘሮ ዘይነባ። እርስዎስ ደህና አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

አቶ ታደሰ እንደገና ጎንበስ ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልተሻገሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በየጠዋቱ በማዶው ጠርዝ ያልፋሉ፤ ቆም ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ለልጁም ክብር፣ ለእሳቸውም ክብር ይበቃል ያሉት ርቀት ይኸው ነበር።

እኔ ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝና ነገሩ ሁሉ የተስተካከለ መሰለኝ። ማታ ገብቼ፣ ይኸው አቶ ታደሰ ተመለሱልዎት፣ በየቀኑ ሰላም ይሉዎታል አልኳቸው።

እትዬ ዘይነባ ከምስሩ ውስጥ አንድ ጠጠር አንስተው በጣታቸው መሃል አሽከረከሩት።

«ሰላምታማ» አሉ፣ «ለማንም ይሰጣል።»